የተያዘ አንገትን ማፍታታት

ማታ ደህና ተኝተው ጠዋት ሲነሱ አንገትዎ አልዞር ብሎዎታል? ወይስ ሥራ ውለው ሲገቡ ከማጅራትዎ ተነሥቶ ወደ ትከሻዎ የሚወርድ፣ የሚከብድና የሚያቃጥል ሕመም አለ? አብዛኛው የአንገት ሕመም ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ ነው። ጡንቻና መገጣጠሚያ ተቆጥቶ የሚመጣ ስለሆነ በጥቂት ቀናት፣ ሲቆይም በጥቂት ሳምንታት ይለቃል። መርፌም ኤምአርአይም አይፈልግም። ሕመሙን የሚያራዝመው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምናደርገው ነገር ነው። አንዱ ፈርቶ አንገቱን ጨርሶ ሳያንቀሳቅስ ይሰነብታል፤ ሌላው የሰፈር አዋቂ ፈልጎ ያስጠመዝዛል። የተያዘ አንገት የሚፈታው በራስዎ ጉልበት፣ ቀስ ተብሎ፣ በየቀኑ ሲንቀሳቀስ ነው። ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል ይከተሉ፤ በተለይ የመጀመሪያውን ክፍል ሳያነቡ ወደ እንቅስቃሴዎቹ አይዝለሉ።

መጀመሪያ አደገኛውን ይለዩ

አንገት ደርቆ ትኩሳት ካለበት ነገሩ ሌላ ነው። ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ የአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ካሉት አገሮች አንዷ ናት፤ በሽታው በተለይ በደረቁ ወራት ይነሣል። በጡንቻ የተያዘ አንገት ይበልጥ የሚያመው ወደ ጎን ሲዞር ነው፤ ተጠንቅቆ አገጭን ወደ ደረት ማውረድ አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። በማጅራት ገትር ጊዜ ግን እምቢ የሚለው ወደ ፊት መታጠፉ ነው። ከዚያ ጋር ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ብርሃን መሸሽ፣ መቃዠት ይመጣል። በሕፃናት ላይ የአንገት መድረቅ ላይታይ ስለሚችል ትኩሳት ያለበት ሕፃን ጡት እምቢ ካለ፣ ከፈዘዘ ወይም ያለማቋረጥ ካለቀሰ ይጠርጥሩ። እንዲህ ያለውን ታማሚ ይዘው እስኪነጋ አይጠብቁ፤ ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ገዝተውም አይሞክሩ። በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

ሁለተኛው አደጋ ነው። በመኪና የተገጨ፣ ከሕንፃ መወጣጫ ወይም ከዛፍ የወደቀ ሰው አንገቴን ካለ አያስቀምጡት፣ አያስነሡት። እኛ ዘንድ ሰው ሲወድቅ ደግነታችን ያቻኩለናል፤ ብብቱን ይዘን አንሥተን ያገኘነው መኪና ውስጥ እናስገባዋለን። የአንገት አጥንት ተሰብሮ ከሆነ ግን ሕብለ ሰረሰሩ የሚጎዳው በዚያች ቅጽበት ሊሆን ይችላል። ራሱን በሁለት እጅ ግራና ቀኝ ይዞ እንዳይነቃነቅ የሚጠብቅ አንድ ሰው ይመድቡና አምቡላንስ ይጥሩ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ሦስተኛው ድምፅ ሳያሰማ የሚመጣ ነው። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት፣ ሳንቲም ከኪስ መልቀም ካስቸገረዎት፣ እግርዎ ከከበደና አካሄድዎ ከተንገዳገደ፣ ሽንትዎን መቆጣጠር ካቃተዎት ሕብለ ሰረሰርዎ ተጨቁኖ ሊሆን ይችላል። ሕመሙ ቀላል ቢሆንም እንኳን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ቀስ እያለ ለሳምንታት የሚብስ፣ ተኝተውም የማይተው፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር የመጣ ሕመም ደግሞ የአከርካሪ ቲቢን ያስጠረጥራል። ቲቢ ሳል ሳይኖር አጥንት ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። ሕክምናው በጤና ጣቢያዎቻችን በነፃ ይሰጣል፤ ቶሎ ከተጀመረ አጥንቱ ሳይፈርስ ይድናል። ቀደም ሲል ካንሰር የነበረበት፣ ኤችአይቪ በደሙ ያለ፣ ወይም ለረጅም ጊዜ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም አዲስ የአንገት ሕመም ሲሰማው ቢመረመር ይሻላል።

በመጨረሻም፣ ደረት ተጨንቆ፣ ላብ አጥምቆ፣ ሕመሙ ወደ መንጋጋና ወደ ክንድ ከሄደ ልብ ሊሆን ይችላል። ድንገት የመጣ፣ ከዚህ በፊት የማያውቁት ኃይለኛ የአንገት ሕመም ከማዞር፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከመታየት፣ ከአፍ መጣመም ወይም ከምላስ መተሳሰር ጋር ከሆነ ደግሞ ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር ተጎድቶ ይሆናል። ሁለቱም የደቂቃዎች ጉዳይ ናቸው።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለብዎት ይረጋጉ። መፍራት ራሱ ጡንቻን ያጠብቃል።

አንገትዎ ውስጥ ምን እየሆነ ነው?

የአንገት አከርካሪ 7 አጥንቶች አሉት፤ በላዩ የተቀመጠው ራስ 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ቀጥ ብለው ሲቀመጡ ሸክሙን ባብዛኛው አጥንቱ ይችለዋል። ወደ ፊት ሲያቀረቅሩ ግን ራስ እንዳይወድቅ የሚጎትቱት ከኋላ ያሉት ጡንቻዎች ናቸው። ኬኔት ሃንስራጅ የተባለ የኒውዮርክ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም በ2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው ስሌት፣ ራስ 60 ዲግሪ ሲያቀረቅር አንገት ላይ የሚያርፈው ጫና 27 ኪሎ ያህል ይደርሳል። ይህ በሞዴል የተገኘ ቁጥር ነው፤ ማቀርቀር ራሱ በሽታ ነው ማለትም አይደለም። ማቀርቀር አንገት የተፈጠረለት ሥራ ነው። የሚያሳምመው ሳይለዋወጡ ሰዓታት በዚያው መቆየት ነው። ሹሩባ የምትሠራ ሴት፣ መኪናው ላይ ያጎነበሰ ልብስ ሰፊ፣ ለፈተና የሚያጠና ተማሪ፣ ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ የሚያይ ተሳፋሪ፣ ሁሉም የሚያደክሙት ያንኑ ጡንቻ ነው።

እጅዎን ከአንገትዎ ሥር ወደ ትከሻዎ ይውሰዱና፣ ትከሻ ላይ ከመድረስዎ በፊት ከጀርባ በኩል ያለውን የአጥንት ጥግ ይፈልጉ። ብዙ ሰው እዚያ ሲጫን ‹‹እሱ ነው! እሱ ነው!›› ይላል። የትከሻን ጠፍጣፋ አጥንት ከአንገት ጋር አስሮ የሚያነሣው ጡንቻ የተጣበቀው እዚያ ላይ ነው። ሲበርደን፣ ስንጨነቅ፣ ስንናደድ ሳናውቀው ትከሻችንን ወደ ጆሯችን የምናነሣው በእሱ ነው። ‹‹ብርድ መታኝ›› የሚል ሰው ሕመሙ በርዶት ባደረ ማግስት ሲመጣ ያየው እውነት አለ፤ ተኮራምቶ ሲያድር ጡንቻው ሳያርፍ ያድራልና።

ስለ ፎቶና ስለ ኤምአርአይም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ከሕመሙ ይልቅ በውጤቱ ሲታመም ስለማይ። በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በታተመ አንድ የጃፓን ጥናት አንገታቸውን ፈጽሞ የማያማቸው 1,211 ሰዎች በኤምአርአይ ታዩ። 87.6 በመቶው ላይ የዲስክ ማበጥ ተገኘ። የ20ዎቹን ዕድሜ ያልጨረሱ ወጣቶች ሳይቀሩ አብዛኞቹ ነበራቸው። ስለዚህ ‹‹ዲስክህ ወጥቷል›› የሚል ወረቀት ብቻውን ሕመሙ ከየት እንደመጣ አይናገርም። በዕድሜ የሚመጣ ለውጥ ነው፤ ፀጉር መሸበቱን ማንም በሽታ አይለውም። ምርመራው የሚጠቅመው ከላይ ከዘረዘርኳቸው ምልክቶች አንዱ ሲኖር ወይም ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት

ሙቀት ይስጡት። ፎጣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው ይጭመቁና፣ ሙቀቱን በክንድዎ ውስጠኛ በኩል ከሞከሩ በኋላ አንገትዎና ትከሻዎ ላይ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ ያድርጉ፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። ተስቦ ወይም ተመትቶ ከሆነ የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ቀን በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ የሚሻለው ሰው አለ። ያስታገሰዎትን ይያዙ። የስኳር ሕመም ኖሮ ቆዳዎ ሙቀትን በደንብ የማይለይ ከሆነ በሙቀት ይጠንቀቁ።

ማስታገሻ ካስፈለገ ለመንቀሳቀስ የሚያስችልዎትን ያህል ብቻ ይውሰዱ። ፓራሲታሞል ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ አንድ ወይም ሁለት ሆኖ በየስድስት ሰዓቱ ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ አይለፍ። የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል ስለሚኖር ሳያውቁ እንዳይደርቡ፤ መጠጥ አዘውትሮ የሚጠጣና ጉበቱን ያመመ ሰው ደግሞ መጠኑን ሐኪም ይንገረው። አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከምግብ በኋላ፣ በቀን እስከ ሦስት ጊዜ፣ ለጥቂት ቀናት ይረዳል። ጨጓራው የቆሰለ፣ ኩላሊቱን ወይም ልቡን ያመመ፣ የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ግን አይንካው፤ ከአምስት ወር ያለፈች ነፍሰ ጡርም እንዲሁ። አስምና የደም ግፊት ያለበት አስቀድሞ ይጠይቅ። ዲክሎፌናክም ያው የዚሁ ቤተሰብ ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ላይ አይወስዱም። በቆዳ ላይ የሚቀባው የዲክሎፌናክ ጄል ለጨጓራ የተሻለ ነው።

አይተኙ። ሕመሙ ሲበረታ ጋደም ማለት ምንም አይደል፤ ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ መዋል ግን አንገትን ይበልጥ ያደርቀዋል። የአንገት ማሰሪያ ኮላርም ከመድኃኒት ቤት ገዝተው አያድርጉ፤ ጡንቻውን ሥራ ያስፈታዋል። ይልቅ በነቁበት በየሰዓቱ፣ ጀርባዎን ተደግፈው ወይም ራስዎን ትራስ ላይ አሳርፈው በጀርባዎ ተኝተው፣ ራስዎን ቀስ አድርገው ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ ያዙሩ። ሕመሙ ‹‹በቃ›› እስከሚልበት ድረስ ይሂዱ፣ አንድ ትንፋሽ ይቆዩ፣ ይመለሱ። አምስት ስድስት ጊዜ ይበቃል። ዛሬ አፍንጫዎ የበሩን ጠርዝ ካሳየዎት ነገ መስኮቱ ድረስ ሊደርስ ይችላል፤ ይህን ምልክት ያድርጉ፣ መሻልዎን ራስዎ ያዩታል።

ሲለቅዎት የሚሠሩት

ከሦስተኛው ቀን ወዲህ፣ ሕመሙ ሲለዝብ፣ የሚከተሉትን በቀን ሁለት ጊዜ ይሥሩ። ሲሠሩ መጠነኛ መወጠር ይሰማል፤ ይህ አይጎዳም። በማግስቱ ጠዋት ከበፊቱ ከባሰ ወይም ሕመሙ ወደ ክንድ ከወረደ ይቀንሱ።

አገጭን ወደ ኋላ መግፋት የሁሉም መጀመሪያ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ይሳሳተዋል። ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ ፊት ለፊት ይመልከቱ። አንድ ጣትዎን አገጭዎ ላይ አድርገው፣ አገጭዎን ሳያወርዱና ሳያነሡ፣ ራስዎን እንዳለ ወደ ኋላ ይግፉት። መሳቢያ ሲዘጋ ወደ ላይም ወደ ታችም እንደማይል፣ ራስዎም በዚያው ልክ ይሂድ። በትክክል ከሠሩት ጉሮሮዎ በኩል ቆዳው ይጨማደዳል፤ ከኋላ ደግሞ የራስ ቅል ከአንገት የሚገናኝበት ቦታ ይወጠራል። ዓይንዎ ወደ ወለል ወይም ወደ ጣሪያ ከሄደ ተሳስተዋል። አምስት ይቁጠሩ፣ ይልቀቁ፣ አሥር ጊዜ ይድገሙ። ይህን ታክሲ ውስጥም፣ ስብሰባ ላይም መሥራት ይቻላል።

ቀጥሎ ያን ‹‹እሱ ነው!›› ያሉትን ጡንቻ ይሳቡ። ቀኙን ለመሳብ በቀኝ እጅዎ የወንበሩን ጠርዝ ይያዙ። ፊትዎን ወደ ግራ ብብትዎ አዙረው ያቀርቅሩ፤ የራስዎን ብብት ሊያሸቱ ያህል። ግራ እጅዎን አናትዎ ላይ ያሳርፉ፤ አይጎትቱ፣ የእጅዎ ክብደት ራሱ ይበቃል። 20 ወይም 30 ሰከንድ እየተነፈሱ ይቆዩና ወደ ሌላው ጎን ይቀይሩ።

ከዚያም ሁለቱን የትከሻ አጥንቶች ከጀርባ በኩል ያቀራርቧቸው፣ ትከሻዎን ወደ ጆሮ ሳያነሡ። አምስት ቆጥረው ይልቀቁ፤ አሥር ጊዜ። መዳፍዎን ግንባርዎ ላይ አድርገው ራስዎ ሳይነቃነቅ እርስ በርስ ይገፋፉ፣ አምስት ይቁጠሩ፤ በግራ፣ በቀኝ፣ ከኋላም እንዲሁ።

ሕመሙ የሚመላለስብዎት ከሆነ እዚህ አያቁሙ። ጡንቻው ካልጠነከረ ይመለሳል። በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ አንድ የዴንማርክ ጥናት፣ አንገትና ትከሻቸውን የሚያማቸው 198 የቢሮ ሠራተኞች ላይ፣ ለ10 ሳምንት በቀን 2 ደቂቃ ብቻ ላስቲክ በእጅ ይዞ ክንድን ወደ ጎን ማንሣት ሕመሙን እንደቀነሰ አሳይቷል። 12 ደቂቃ የሠሩትም ከዚያ ብዙ አልበለጡም። ላስቲክ ባይኖር ግማሽ ሊትር ውሃ የሞላ ሃይላንድ በሁለቱም እጅ ይያዙ፣ ክርንዎን ትንሽ አጠፍ አድርገው ክንዶችዎን ወደ ጎን እስከ ትከሻ ቁመት ያንሡ፣ ቀስ ብለው ያውርዱ፤ እስኪደክምዎት ድረስ፣ ከሁለት ደቂቃ ሳያልፉ። ሲቀልዎት ወደ አንድ ሊትር ይለፉ። በቀን ሁለት ደቂቃ የሌለው ሰው አላውቅም።

ሕመሙ ክንድ ድረስ ከወረደ

ከአንገት 8 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ። አንዱ መውጫው ላይ ሲቆጣ ሕመሙ ኤሌክትሪክ እንደነካው ሆኖ ክንድ ይወርዳል፣ ጣት ይደነዝዛል። አውራ ጣት ከሆነ ብዙ ጊዜ ስድስተኛው፣ መሃል ጣት ከሆነ ሰባተኛው፣ ትንሿ ጣት ከሆነች ስምንተኛው ነርቭ ነው። የታመመውን እጅ አናት ላይ ሲያሳርፉት የሚቀልዎት ከሆነ ምንጩ አንገት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ ሌሊት እንቅልፍ ሲነሣዎትም በዚሁ አኳኋን ያሳርፉት። ይህም ቢሆን በአብዛኛው ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይሻላል። እጅዎ እየዛለ ዕቃ ከጣለ ግን ሐኪም ይየው። በየመድኃኒት ቤቱ ‹‹ለነርቭ›› ተብሎ የሚወጋው የቫይታሚን ቢ መርፌ ቫይታሚኑ ላልጎደለው ሰው የተቆጣውን ነርቭ አያድንም፤ ገንዘብዎን ለፊዚዮቴራፒ ያድርጉት።

አንገትዎን ለማንም አያስጠምዝዙ

ይህን ክፍል አጥብቄ ነው የምጽፈው። ፀጉር ተቆርጠው ሲጨርሱ ‹‹ቀጭ›› ላድርግልህ የሚል አለ፤ አንገቱ የተያዘ ሰው ወደ ወጌሻ የሚሄድበትም ብዙ ነው። ማሸት፣ በቅባት ለዘብ አድርጎ ማፍታታት ችግር የለውም፤ እፎይታም ይሰጣል። አደጋው ድንገት መጠምዘዙ ላይ ነው። ወደ አንጎል ኋላ ደም የሚወስዱት ሁለት የደም ሥሮች በአንገት አጥንቶች ቀዳዳዎች ውስጥ ያልፋሉ። በድንገት ሲጠመዘዙ ውስጠኛ ግድግዳቸው ሊሰነጠቅ፣ ደም ሊረጋና ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ሲደርስ ግን የሚደርሰው በዕድሜያቸው ገና ወጣት በሆኑ ሰዎችም ላይ ነው። በራሱ ለሚለቅ ሕመም ይህን ያህል መድፈር አይገባም።

የሴቶች ፀጉር ቤት መታጠቢያም ተመሳሳይ ነገር አለው። አንገት በመታጠቢያው ጠርዝ ላይ ወደ ኋላ ተቆልምሞ ብዙ ሲቆይ በደም ሥሮቹ ላይ ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል በ1993 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሕክምና መጽሔት ተጽፏል። ፎጣ ጠቅልለው ጠርዙ ላይ ያስደርጉ፤ ካዞረዎት ወዲያው ይነሡ። እኅቴ፣ አጣቢዋ ‹‹ትንሽ ቻይው›› ብትልሽም አትቻይው።

ትራስ፣ ጠረጴዛ፣ ምጣድ

የትራስ ሥራው በአንገትና በፍራሽ መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት ነው። በጎን ለሚተኛ ሰው ቁመቱ ከጆሮ እስከ ትከሻ ጫፍ ያለውን ያህል ይሁን፤ በጀርባው ለሚተኛ ዝቅ ያለ ይበቃዋል። ሁለት የጥጥ ትራስ ደርቦ መተኛት አገጭን ደረት ላይ አጣብቆ ያሳድራል። አዲስ ትራስ መግዛት አያስፈልግም፤ ጋቢ አጥፈው አንድ እጥፍ እየጨመሩና እየቀነሱ ለሦስት አራት ሌሊት ይሞክሩ፤ ጠዋት አንገትዎ ልኩን ይነግርዎታል። በሆድ መተኛት አንገትን ሌሊቱን ሙሉ አዙሮ ስለሚያቆየው ቢተዉት ጥሩ ነው።

ላፕቶፕ የሚጠቀሙ ከሆነ መጻሕፍት ደርድረው ከፍ ያድርጉትና የስክሪኑን የላይኛ ጠርዝ ከዓይንዎ ያስተካክሉ፤ የሚለይ ኪቦርድ ይግዙለት። ስልክን ጭን ላይ ከማድረግ ክርንን ሆድ ላይ አስደግፎ ወደ ዓይን ማምጣት ይሻላል። ወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ ሽንኩርቱን ዱካ ላይ ተቀምጠው ትሪው ላይ አቀርቅረው ከሚከትፉት ጠረጴዛ ላይ ቆመው ይክተፉት፤ የኤሌክትሪክ ምጣዱንም ወገብዎ ቁመት ላይ ያስቀምጡት። ከሁሉ በላይ በየግማሽ ሰዓቱ ይነሡ። ፍጹም የሆነ አቀማመጥ የለም፤ የሚጎዳው አለመለዋወጡ ነው።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ

በስድስት ሳምንት ውስጥ መሻል ካልጀመረ፣ እንቅልፍና ሥራ ከከለከለዎት ወይም በየወሩ ከተመላለሰብዎት ይሂዱ። ‹‹ፊዚዮቴራፒ ይጽፉልኛል?›› ብለው ይጠይቁ። ሙያው በአገራችን አለ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያሠለጥናል፣ እንደ ጥቁር አንበሳ ያሉ ትልልቅ ሆስፒታሎችም ክፍሉ አላቸው። ጥሩ ፊዚዮቴራፒስት ማሽን አስሮ ብቻ አይሸኝዎትም፤ እንቅስቃሴ አሳይቶ፣ አሠርቶ፣ ስሕተትዎን ያርማል። ካላሠራዎት ይጠይቁት።

ከመሄድዎ በፊት በወረቀት ይጻፉ፦ መቼ እንደጀመረ፣ ምን ሲያደርጉ እንደሚብስና እንደሚቀል፣ ወደ የትኛው ጣት እንደሚወርድ፣ ሌሊት ይቀሰቅስዎት እንደሆነ፣ የወሰዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነመጠኑ። የቆየ ፎቶ ወይም ኤምአርአይ ካለዎት ይዘው ይሂዱ፤ ሁለተኛ ከመክፈልም ያድንዎታል።